ቴሌቪዥን አመለካከት ይቀይራል ሲባል ምን ማለት ነው? የጆርጅ ገርብነር ጥናት በቀላሉ ሲብራራ

«ይኼ ድራማ ትውልዱን አበላሸው» የሚለው አቤቱታ ቡና ላይ ይነሣል፣ ታክሲ ውስጥ ይነሣል፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም ይነሣል። ከወዲያ በኩል ደግሞ «እኔ ዕድሜ ልኬን የተኩስ ፊልም ሳይ ኖሬያለሁ፤ ማንን ገደልሁ?» የሚል መልስ አይጠፋም። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ሰው ያየውን ይደግማል ወይስ አይደግምም በሚለው ላይ ነው። ከመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ አጥኚዎች አንዱ ግን ክርክሩን ከሥሩ ነቅለው ሌላ ቦታ ተከሉት። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ብዙ ሰዓት ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ዓለም ምን እንደምትመስል ያለው ግምት፣ ትንሽ ከሚያየው ጎረቤቱ ይለያል ወይ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ስለ ድርጊት አይደለም። ማንን እንደምናምን፣ ማንን እንደምንፈራ፣ ምኑን «የተለመደ ነው» ብለን እንደምንቀበል የሚመለከት ነው።

ጥያቄውን ያነሡት ማን ናቸው?

ጆርጅ ገርብነር በ1919 ቡዳፔስት፣ ሃንጋሪ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካ ከገቡ በኋላ የኮሙኒኬሽን ምሁር ሆኑ፤ ከ1964 እስከ 1989 በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የአነንበርግ ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ዲን ነበሩ። በ2005 አረፉ።

1968 አሜሪካ የታመሰችበት ዓመት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ፣ ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ ወር ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የዓመፅን መንስኤና መከላከያ የሚያጠና ብሔራዊ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ በቴሌቪዥን ምን ያህል ዓመፅ እንደሚታይ የመቁጠሩ ሥራ ለገርብነር ቡድን ተሰጠ። ቆጠራው ለኮሚሽኑ ብቻ ተብሎ ቢጀመርም በየዓመቱ የሚደገም ትልቅ ፕሮጀክት ሆነ።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው ጥናት የሚካሄደው በቤተ ሙከራ ነበር፦ ለልጅ አንድ ፊልም ይታያል፣ ከዚያ ሌላውን ይመታ እንደሆነ ይጠበቃል። ገርብነር ይህን መንገድ አልተከተሉም። እንደ እሳቸው አመለካከት ቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ተውጦ ውጤቱ እንደሚታይ ክኒን አይደለም፤ የቤቱ ዋና ተረት ነጋሪ ነው። ድሮ ለልጅ ዓለምን የምትተርክለት አያት፣ የሃይማኖት አባት ወይም መምህር ነበሩ። አሁን የሚተርኩለት የሚሸጡት ዕቃ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው።

«ካልቲቬሽን» ምንድን ነው?

የገርብነር ንድፈ ሐሳብ ካልቲቬሽን ይባላል። ቃሉ ከእርሻ የተወሰደ ነው፤ መኮትኮት፣ ተንከባክቦ ማብቀል እንደማለት። ቴሌቪዥን አዲስ ሐሳብ በአንድ ምሽት አይተክልም፤ የሚደጋግመውን ነገር ግን ቀስ በቀስ ሥር እንዲሰድ ያደርጋል ነው ነገሩ።

ከገጠር ቤት የሚቀርበው ምሳሌ የወተት ዕቃ ነው። ዕቃው በወይራ ይታጠናል። ወተቱ ውስጥ ጭስ የጨመረ ሰው የለም፤ ወተቱ ግን የወይራ ጣዕም አለው። አንድ ቀን ብቻ የታጠነ ዕቃ ጠረኑ ቶሎ ይለቀዋል፤ በየጊዜው የሚታጠነው ግን ጭሱ ዘልቆት ይገባል። የቤቱ ሰው ደግሞ «ወተት ሲባል እንዲህ ነው» ብሎ ስለሚያስብ ልዩነቱ የሚታወቀው እንግዳ ሲቀምሰው ነው። ገርብነር ሊለኩ የፈለጉት ይህን ዓይነት ጣዕም ነበር። የአንድ ፊልም ወይም የአንድ ጣቢያ ነገር አይደለም፤ ዓመታት የፈጀ ጠረን ነው።

ጥናቱ እንዴት ይሠራል?

ሥራው ሁለት እግር አለው፤ መቁጠርና መጠየቅ። አንዱ ከሌለ ሌላው አይቆምም።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያለው ዓለም ይቆጠራል። የገርብነር ቡድን በየዓመቱ የአንድ ሳምንት የዋና ሰዓት (ተመልካች የሚበዛበት ምሽት) ድራማዎችንና የቅዳሜና እሑድ የልጆች ፕሮግራሞችን ይቀዳ ነበር። የሠለጠኑ መዝጋቢዎች እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ይመዘግባሉ፦ ፆታው፣ ዕድሜው፣ ሥራው፣ ማን እንደመታ፣ ማን እንደተመታ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። አንዱን ፕሮግራም ሁለት ወገን ሳይተያዩ ይመዘግቡታል፤ ከዚያ መዝገቦቹ ይነጻጸራሉ። ስምምነቱ የሚለካው በቀመር ነው። በጣም የታወቀው ቀመር የክላውስ ክሪፐንዶርፍ አልፋ ሲሆን፣ 1 ማለት ፍጹም ስምምነት፣ 0 ማለት በአጋጣሚ ከሚገኘው ያልተሻለ ማለት ነው፤ 0.8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መዝገቡ አስተማማኝ ይባላል።

እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ትርጉም ነው። «ዓመፅ» ምንድን ነው? በጥፊ መምታት? ማስፈራራት? በአስቂኝ ካርቱን ድመት አይጥን በመዶሻ ብትመታስ? የገርብነር ቡድን ትርጉም በሰውነት ላይ የሚፈጸም ግልጽ ኃይልን፣ «እጎዳሃለሁ» ብሎ ማስገደድንም ይጨምራል፤ አስቂኙንም፣ በአደጋ መልክ የመጣውንም ይቆጥራል። ቁጥሩ ሰፋ ያለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ትችትም አስከትሏል። የቡድኑ መልስ ቀልድ መርዙን ቢያጣፍጠው እንጂ አያጠፋውም የሚል ነበር። በማንኛውም ዘገባ «በቴሌቪዥን ይህን ያህል ዓመፅ ታየ» የሚል ቁጥር ሲያጋጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት ምን ተቆጥሮ ምን እንደቀረ ነው።

ቆጠራው ምን አሳየ? በ1970ዎቹ የአሜሪካ ድራማ ውስጥ ወንዶች ሴቶችን ሦስት ለአንድ ይበልጡ ነበር። ሽማግሌዎች በእውነተኛው ሕዝብ ውስጥ ካላቸው ድርሻ እጅግ ባነሰ ቁጥር ይታያሉ። ሥራ ካላቸው ወንድ ገጸ ባሕርያት 12 በመቶ ያህሉ ፖሊስ፣ መርማሪ ወይም የመሳሰለው ናቸው፤ በእውነተኛው ዓለም ግን 1 በመቶ ገደማ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዋና ገጸ ባሕርያት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓመፅ ውስጥ ይገባሉ፤ በአሜሪካ የፖሊስ መዝገብ ግን በአንድ ዓመት የዓመፅ ወንጀል ሰለባ የሚሆነው ከ1 በመቶ ያነሰ ሕዝብ ነው።

ቀጥሎ ሰዎች ይጠየቃሉ። ጥያቄዎቹ ሁለት መልስ ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ለእውነቱ የሚቀርብ፣ ሌላው ወደ ስክሪኑ የሚያዘነብል። ለምሳሌ «ሥራ ካላቸው ወንዶች ስንት በመቶው በሕግ ማስከበር ሥራ ላይ ነው፤ 1 ወይስ 5?» 5 ያለ ሰው «የቴሌቪዥን መልስ» ሰጠ ይባላል። በቀን 2 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚያዩት በአንድ ወገን፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያዩት በሌላ ወገን ይቀመጡና የቴሌቪዥን መልስ የሰጡት መቶኛ ይቀናነሳል። የካልቲቬሽን ልዩነት የሚባለው ይኸው ነው።

ስለ ቁጥር የሚጠየቀው ብቻውን አይበቃም። ሌሎቹ ጥያቄዎች ስለ ሰው ናቸው፦ ሰዎች በአብዛኛው ሌላውን ለመርዳት ይሞክራሉ ወይስ ስለ ራሳቸው ብቻ ያስባሉ? ዕድል ቢያገኙ ይጠቀሙብሃል ወይስ በቅንነት ይይዙሃል? አብዛኛው ሰው ይታመናል ወይስ ከሰው ጋር ጥንቃቄ አይበዛም? ለሦስቱም ጥርጣሬ ያዘለውን መልስ መምረጥ ብዙ በሚያዩት ዘንድ በዛ ብሎ ተገኘ። ገርብነር ይህን «የክፉ ዓለም ሕመም» አሉት። ዋናው ስጋታቸው የነበረውም ይህ ነው፤ የተኩስ ፊልም ተኳሽ ከሚያፈራው ይልቅ ፈሪ የሚያፈራው ይበልጣል፣ ፈሪ ሕዝብ ደግሞ ጠንካራ ክንድ አለኝ ለሚል ሁሉ በቀላሉ ያድራል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

እዚህ ላይ ነው ዜናና ጥናት የሚለያዩት። ጄምስ ሻናሃንና ማይክል ሞርጋን እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩትን ጥናቶች አንድ ላይ ሲያሰሏቸው አማካይ ተዛምዶው 0.09 ገደማ ሆነ። የተዛምዶ ጥንካሬ ከ0 (ምንም ግንኙነት የለም) እስከ 1 (ፍጹም አብሮ ይሄዳል) በሚደርስ ቁጥር ይለካል። 0.09ን በራሱ ብናበዛው 0.008 ይመጣል፤ በሰዎች ግምት መካከል ካለው ልዩነት የቴሌቪዥን ሰዓት የሚያስረዳው ከ1 በመቶ በታች ነው ማለት ነው።

ወደ ሰው ቁጥር ብንመልሰው ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። ትንሽ ከሚያዩ 100 ሰዎች 45ቱ የቴሌቪዥኑን መልስ ቢሰጡ፣ ብዙ ከሚያዩ 100 ሰዎች 54 ያህሉ ይሰጡታል። ጎረቤትህን አይተህ «ይኼ ሰው ብዙ ያያል» ብለህ ልትለየው አትችልም። አንድ ከተማ ሙሉ ሲሆን ግን 9 ሰው ከመቶው ምርጫ ይገለብጣል፣ በር በጊዜ ያስቆልፋል። ትንሽነቱን መደበቅ ስሕተት ነው፤ ትንሽ ስለሆነ የለም ማለትም እንዲሁ።

ቁጥሩ እንዲያንስ የሚያደርግ አንድ ምክንያትም አለ። ትንሽ የሚያየው ሰው ራሱ ሙሉ በሙሉ ከጠረኑ ነጻ አይደለም፤ ብዙ ከሚያዩ ሰዎች ጋር ይኖራል፣ ይሠራል፣ ያወራል። ንጽጽሩ ብዙ በታጠነና በመጠኑ በታጠነ ዕቃ መካከል ነው፤ ጭራሽ ያልታጠነ አይገኝም።

ተቺዎቹ ምን አሉ?

ትልቁ ትችት በአንድ ምሳሌ ይገለጻል። ወንጀል የበዛበት ሰፈር የሚኖር ሰው ማታ አይወጣም፤ ስለማይወጣ ቴሌቪዥን ያያል፤ ይፈራልም። ታዲያ ያስፈራው ቴሌቪዥኑ ነው ሰፈሩ? አንተኒ ዱብና ግሌን ማክዶናልድ በ1979 ቶሮንቶ ውስጥ ይህን ፈተሹ። ወንጀል የሚበዛባቸውንና የሚያንስባቸውን ሰፈሮች በመሀል ከተማም በዳርቻም መርጠው ጠየቁ። የሰፈሩ እውነተኛ ወንጀል ግምት ውስጥ ሲገባ በጥቅሉ የታየው ግንኙነት ጠፋ። በአንድ ቦታ ብቻ ቀረ፦ ወንጀል በበዛበት የመሀል ከተማ ሰፈር።

በ1980 ፖል ኸርሽ ገርብነር የተጠቀሙበትን የአሜሪካ መረጃ እንደገና አሰሉት። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ዘርና የመሳሰሉት በአንድነት ሲታሰቡ ልዩነቱ እጅግ ሳሳ። ጭራሽ ቴሌቪዥን የማያዩት ትንሽ ከሚያዩት ይልቅ ፈሪዎች ሆነው ተገኙ፤ በቀን 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያዩት ደግሞ 4 ሰዓት ከሚያዩት ያነሰ ፍርሃት አሳዩ። ሰዓት በጨመረ ቁጥር ፍርሃት ይጨምራል የሚለው ቀጥታ መስመር ተሰበረ።

የገርብነር ቡድን በዚያው ዓመት ንድፈ ሐሳቡን በሁለት አቅጣጫ አሻሻለ፤ በእኔ ዕይታ የጥናቱ ምርጥ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። አንደኛው ገባር ወንዞች አንድ ትልቅ ወንዝ ውስጥ ሲገቡ የሚሆነው ነው። ድሃ ሰው ብዙ አየ ትንሽ አየ ወንጀል ትልቅ ችግር ነው ይላል፤ ከኑሮው ያውቀዋል። ሀብታም ሆኖ ትንሽ የሚያየው ግን እንዲህ አይልም፤ ብዙ የሚያየው ሀብታም የድሃውን መልስ ይሰጣል። የቴሌቪዥን ሥራ ሁሉንም እኩል መግፋት ሳይሆን የተለያዩትን ማቀራረብ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው እንደ ገደል ማሚቶ ነው፦ በስክሪን የሚታየው ሰው በደጁ ከሚያየው ጋር ሲገጥም ድምፁ እጥፍ ይሆናል። የቶሮንቶው አንድ ሰፈር ውጤት እዚህ ላይ ይገባል።

አእምሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

ገርብነር ለዚህ ብዙም ግድ አልነበራቸውም፤ መልሱን ያመጡት በኋላ የመጡ ናቸው። ኤል ጄ ሽረም እንዳሳዩት፣ «ይህ ነገር ምን ያህል ይደርሳል?» ተብለን ስንጠየቅ አናሰላም፤ ምሳሌ እንፈልጋለን። ምሳሌው ቶሎ ከመጣልን «ብዙ ነው» እንላለን። ብዙ ለሚያይ ሰው ጠበቃ፣ መርማሪ፣ ቪላ ቤት፣ ግድያ በቶሎ ይመጡለታል፤ ከፊልም እንደመጡ ግን አእምሮው ምልክት አያደርግባቸውም።

ሽረምና ባልደረቦቹ በ1998 ባወጡት ሙከራ አንዳንዶቹን ስለ ዓለም ግምታቸውን ከመጠየቃቸው በፊት ቴሌቪዥን ምን ያህል እንደሚያዩ አስቀድመው ጠየቋቸው። ብዙ በሚያዩና ትንሽ በሚያዩ መካከል የነበረው ልዩነት በእነዚህ ሰዎች ላይ አልታየም። ምንጩ ሲታወሳቸው ምሳሌዎቹን ማጣራት ጀመሩ። ስለዚህ መጠይቅ የምታዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ልትይዘው የሚገባ ደንብ አለ፦ የግምት ጥያቄዎች ይቅደሙ፣ «በቀን ስንት ሰዓት ታያለህ?» መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የምትፈልገውን ነገር ራሷ ታጠፋዋለች።

የውጭ ድራማ ስለ አገራችን ያለንን ግምት ይነካል?

ሮበርት ሆኪንስና ሱዛን ፒንግሪ በ1980ዎቹ መባቻ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ፣ የተማሪዎችን ሁኔታ አጠኑ። ልጆቹ ብዙ የሚያዩት የአሜሪካ ፕሮግራም ነበር። የተጠበቀው ስለ አሜሪካ ያላቸው ሥዕል እንዲጨልም ነው። የተገኘው ሌላ ሆነ፤ የአሜሪካን ፕሮግራም አብዝተው የሚያዩት አደገኛና ክፉ አድርገው የገመቱት የራሳቸውን አገር አውስትራሊያን ነበር። ስለ አሜሪካ በነበራቸው ግምት ላይ ተመሳሳይ ግንኙነት አልታየም። ታሪኩ የተቀረጸበት ቦታ ይረሳል፤ «ሰው እንዲህ ነው» የሚለው ግን ይቀራል።

ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። በ2016 ካና በሳተላይት ሥርጭት ሲጀምርና በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎች በየቤቱ ሲገቡ «ባህላችንን ያጠፋል» እና «መዝናኛ ነው፣ ተዉን» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። «ባህል ጠፋ» የሚለካ ነገር አይደለም። የሚለካው እንዲህ ያለው ነው፦ «በአዲስ አበባ ከሚኖሩ 100 ቤተሰቦች ስንቱ የግል መኪና አለው?» የዚህ መልስ ከመዝገብ ይገኛል፤ የተመልካቹ ግምት ምን ያህል እንደራቀ ማየት ይቻላል። «ከ100 ባለትዳሮች ስንቱ ይማግጣል?» የሚለው ግን እውነተኛ ቁጥሩ የሚታወቅ ስላልሆነ ብዙ የሚያዩትንና ትንሽ የሚያዩትን ከማነጻጸር አያልፍም።

የሚበላሸው ደግሞ ንጽጽሩ ላይ ነው። ዲሽ ያለውን የከተማ ሰው መብራት ከሌለው የገጠር ሰው ጋር አስቀምጦ «ድራማው ለየው» ማለት የቶሮንቶው ጥናት ያጋለጠውን ስሕተት መድገም ነው። ዕድሜያቸው፣ ገቢያቸው፣ ሰፈራቸው የሚቀራረብ፣ በሚያዩት ሰዓት ግን የሚለያዩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከሥርጭቱ በፊት የተለካ ግምት ካልተገኘ ደግሞ «ይለያያሉ» እንጂ «ተቀየሩ» ማለት አይቻልም።

በስልክ ዘመንስ?

ገርብነር ሲቆጥሩ አሜሪካ ሦስት ዋና ጣቢያ ብቻ ነበራት፤ ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ነገር ያያል ብሎ መነሣት ይቻል ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቻውን የነበረበት ዘመን ለዚህ ግምት ይበልጥ ይቀርባል። ዛሬ የእያንዳንዱ ሰው ፌስቡክና ቲክቶክ የየራሱ ጣቢያ ነው፤ አንድ ጊዜ ጣታችን የቆመበትን ነገር ነገ አብዝቶ ያመጣዋል። ስለዚህ ጠቅላላ ሰዓት መጠየቅ ብዙ አይነግርም፤ አጥኚዎች ምን ዓይነት ይዘት እንደሚታይ ለይተው ወደመጠየቅ ሄደዋል።

ከአገር ርቆ ለሚኖር ወገን ነገሩ ይከብዳል። ዋሽንግተንም ሪያድም ያለ ሰው ስለ አገሩ የሚያውቀው ከሞላ ጎደል በስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ደግሞ የተቃጠለው ቤት እንጂ ያልተቃጠለው መንደር አይደለም። ስልክ ይደወላል፦ «እማዬ፣ ደህና ናችሁ? ከተማው ተዘጋ የሚል አየሁ።» እናት መልሳ፦ «የት ነው እሱ? አንተ ብቻ ማታ አትውጣ፤ እዚያ ሰው በየመንገዱ ይተኳኮሳል አሉ።» ሁለቱም የሚነግሩት በየስክሪናቸው ያዩትን ነው።

ግን ስጋት ሁሉ የስክሪን ሥራ ነው ማለት ትልቅ በደል ነው። ጦርነት በደጁ ያለፈ ሰው ፈራ ተብሎ «የክፉ ዓለም ሕመም» አይባልም፤ የዱብና የማክዶናልድ ሥራ ያስተማረን ቀድሞ ሰፈሩን መጠየቅ ነው። ከሽረም ሙከራ የሚወሰደው ደግሞ ግምት ከመስጠት በፊት ምንጩን ማስታወስ ነው። በስልኩ ላይ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ አጭር ጥያቄ ይገናኛሉ፦ «እማዬ፣ አንቺ ራስሽ ትናንት ገበያ ወጥተሽ ነበር?»